ዘፈን የማን ነው? በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ስለ ዘፈን አያያዝ የቀረበ አጭር ጥናት

መግቢያ

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚሄድ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው፥ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ሾፌሩ ከኪሱ ትንሽ ፍላሽ አውጥቶ ከቴፑ ላይ ሲሰካ ያያል። 45 ኪሎ ሜትር በሚያህለው በዚያ መንገድ ኔትዎርክ ቢመጣም ቢጠፋም የሾፌሩ ዘፈን አይቋረጥም። በዚያው መኪና የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ተማሪ ደግሞ በጆሮው ማዳመጫ ሰክቶ ከኢንተርኔት ላይ ዘፈን ይሰማል፤ ዳገቱን ሲወጡ ይሰማለታል፥ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ይቆምበታል። ሾፌሩም ተማሪውም ቢጠየቁ «ዘፈኑ አለኝ» ይላሉ። ነገር ግን የሁለቱ «አለኝ» አንድ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእነዚህ በሁለቱ «አለኝ» መካከል ያለውን ልዩነት መግለጽ ነው። ይኸውም በመጀመሪያ፥ ዘፈን በእጅ ሲያዝና ከኢንተርኔት ሲሰማ ምን ምን እንደሚለይ፤ ሁለተኛ፥ በእጅ የያዝነውን ዘፈን ለማደራጀት የተሠሩት ፕሮግራሞች ለእኛ ስምና ለእኛ ፊደል ለምን እንደማይመቹ፤ ሦስተኛም፥ ነገሩ ተራ ጨዋታ ቢመስልም የዩኒቨርሲቲ ሰዎችን ለምን ሊያሳስብ እንደሚገባ ለማስረዳት ነው። ለጽሑፉ መነሻ የሆነን፥ በጅማ፥ በአጋሮና በሊሙ ገነት ዘፈን የሚጭኑ ሱቆችን እየተዘዋወርን ማየታችንና የገዛ ራሳችንን የዘፈን ክምችት በኮምፒዩተር ላይ ለማደራጀት ሞክረን መቸገራችን ነው።

ዘፈን ዕቃ የሆነበት መንገድ

ዘፈን በጥንት ጊዜ በእጅ የሚያዝ ነገር አልነበረም። አዝማሪው ተነሥቶ ሲሄድ ዘፈኑም አብሮት ይሄድ ነበር። የኢትዮጵያ ዘፈን ተገዝቶ ወደ ቤት የሚገባ ዕቃ መሆን የጀመረው፥ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ በ1908 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ወዲህ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1969 እ.ኤ.አ. አቶ አምሃ እሸቴ በግላቸው የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አቋቋሙ፤ ዓሊ ታንጎ በመባል የታወቁት አቶ ዓሊ አብደላ ካይፋም በበኩላቸው ብዙ ዘፈን አሳተሙ።

ከሸክላ ቀጥሎ ካሴት መጣ። ካሴት በርካሽ ዋጋ የሚገለበጥና በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ቴፕ የሚሰማ ስለሆነ፥ መብራት ወዳልገባበት የቡና ገጠር ሁሉ ሊደርስ ቻለ። ከካሴት ቀጥሎ ሲዲ፥ ከሲዲም ቀጥሎ ኤምፒስሪ የሚባለው የተጨመቀ የድምፅ ፋይል ተተካ። በዚህን ጊዜ ሙዚቃ ቤቱ ካሴት መደርደሩን ትቶ፥ አንድ ኮምፒዩተር ከጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን መጫን ያዘ።

የዚህን ለውጥ መጠን በቁጥር ማየት ይቻላል። በመካከለኛ ጥራት፥ ማለት በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት የተቀረጸ ዘፈን በየደቂቃው 1 ሜጋ ባይት ያህል ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ የ4 ደቂቃ ዘፈን 4 ሜጋ ባይት ገደማ ነው፤ 8 ጊጋ ባይት የሚይዝ ሚሞሪ ካርድም 2,000 ያህል ዘፈን ይይዛል ማለት ነው። አንድ ካሴት 10 ዘፈን ይይዛል ብለን ብናስብ፥ 200 ካሴት በጣት ጥፍር ላይ ተቀመጠ ልንል እንችላለን።

ዘፈን በእጅ መያዙ ምን ጥቅም እንዳለው ለመረዳት ለጅማ ሰው ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። ኢትዮ ጃዝ የተባለውን ስልት የፈጠሩት ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 እ.ኤ.አ. የተወለዱት በጅማ ከተማ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠሯቸው ሥራዎች በሸክላ ወጥተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ዘመኑ ተለወጠ፥ ሸክላውም ከገበያ ጠፋ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉት ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክ» በሚል ስም የቀድሞውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሲዲ እያሰባሰቡ ሲያሳትሙ፥ በ1998 የወጣው 4ኛው ቁጥር የሙላቱን ሥራ የያዘ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» ይህንኑ ሙዚቃ ለዓለም ሕዝብ አሰማ። ይህ ሁሉ ሊሆን የቻለው፥ ሸክላው ወይም የተቀረጸበት ክር በአንድ ሰው እጅ፥ በአንድ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ስለ ቆየ ነው። ማንም ያላስቀመጠው ዘፈን ዳግመኛ ሊታተም አይችልም።

በጀበና የሚጠጣና በጆንያ የሚቀመጥ

ዛሬ በብዛት የተለመደው ሌላው መንገድ ስትሪሚንግ ይባላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። የዘፈኑ ፋይል በሩቅ ቦታ በሚገኝ ትልቅ ኮምፒዩተር ውስጥ ይቀመጣል። ሰሚው ዘፈኑን ሲመርጥ ፋይሉ በትንንሽ ቁራጭ ተከፋፍሎ ወደ ስልኩ ይላካል፤ ስልኩም ጥቂት ሰከንድ የሚያሰማውን ያህል ቀድሞ እያጠራቀመ ያሰማል። ኔትዎርኩ ሲደክም የተጠራቀመው ያልቅና ዘፈኑ ይቆማል። ዘፈኑ ተሰምቶ ሲያበቃም፥ ሰሚው እንደ ራሱ ንብረት የሚያዝበት ፋይል በእጁ አይቀርም። አንዳንዱ አገልግሎት ዘፈኑን በስልክ ላይ ለማስቀመጥ ይፈቅዳል፤ ይሁን እንጂ የተቀመጠው ፋይል የተቈለፈ ስለሆነ በዚያው ፕሮግራምና ወርኃዊው ክፍያ እስካልተቋረጠ ድረስ ብቻ ይሰማል።

የቡና አገር ሰው ይህን ልዩነት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በመንገድ ዳር ከጀበና ቡና ሻጭ ዘንድ ቁጭ ብሎ ከፍሎ የሚጠጣ ሰው ጥሩ ቡና ያገኛል፤ ቆልቶ መውቀጥና ጀበና መጣድም አይደርስበትም። ነገር ግን ሻጯ ያን ቀን ካልመጣች ቡና የለም። ገበሬው ግን ቡናውን አድርቆ ጀንፈሉን በጆንያ ከቤቱ ያስቀምጣል። ጀንፈሉ ቦታ ይይዝበታል፥ ከእርጥበትና ከአይጥ መጠበቅም አለበት፤ ይሁን እንጂ ሲቸግረው የሚፈታው፥ ሲፈልግ የሚሸጠው፥ እንግዳ ሲመጣበት የሚያፈላው የራሱ ነው። ስትሪሚንግ ጀበናው ነው፤ በእጅ ያለ ፋይል ጀንፈሉ ነው።

ከወጪ አንጻርም ብናየው ልዩነቱ ግልጽ ነው። የ5 ደቂቃ ዘፈን አንድ ጊዜ ቢወርድ 5 ሜጋ ባይት ገደማ የኢንተርኔት ጥቅል ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ሺህ ጊዜ ቢሰማ ሌላ ወጪ የለውም። ያው ዘፈን 20 ጊዜ በስትሪሚንግ ቢሰማና ስልኩ ባያስቀረው ግን 100 ሜጋ ባይት ይበላል። ከቤተ ሰቡ በሚላክለት ጥቂት ብር ለሚኖር ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በቡና ለቀማ ወራት ከሩቅ አገር መጥተው በየእርሻው የሚያድሩት ሠራተኞች ዘፈን የሚለዋወጡት ያለ ኢንተርኔት፥ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝና በዜንደር የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ከወጪው የሚበልጠው ጉዳይ ግን ሥልጣን በማን እጅ ነው የሚለው ነው። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. ድምፃዊው ሐጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላው አገራችን ተቋርጦ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ። በዚያ ክረምት፥ በሩቅ ኮምፒዩተር ላይ የነበረ ዘፈን ሁሉ ለእኛ እንደሌለ ነበር። የሟቹን ድምፅ በፈለገው ሰዓት ለመስማት የቻለው፥ ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ሌላ፥ ዘፈኖቹን በሚሞሪው ላይ ይዞ የቆየው ሰው ብቻ ነው።

ይህም ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. አማዞን የተባለው ኩባንያ፥ ሰዎች ከፍለው ወደ ኪንድል ያወረዷቸውን ሁለት የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍት ቅጂዎች ከሩቅ ሆኖ ሰርዟቸዋል፤ ገንዘባቸውን ቢመልስላቸውም መጽሐፉ ከእጃቸው ወጣ። በ2020 እ.ኤ.አ. ጎግል «ፕሌይ ሙዚቃ» ይባል የነበረውን አገልግሎቱን ዘጋና ደንበኞቹን ወደ ሌላ አገልግሎቱ አዛወረ። በአሜሪካ የካሊፎርንያ ግዛትም ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ሕግ ወጥቷል፤ ይህ ሕግ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ፥ ለገዢው የሚሰጠው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ሆኖ ሳለ ይህን በግልጽ ሳይነግር «ግዛ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም ያስገድዳል። «ግዛ» ማለትና «ተከራይ» ማለት የተለያዩ መሆናቸውን ሕግ አውጪዎችም ተረድተውታል ማለት ነው።

የዘፋኙስ ድርሻ?

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ተገቢ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል፤ «ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭነው ሱቅ ለዘፋኙ ምን ከፈለ?» የሚል ነው። መልሱ በአብዛኛው «ምንም» ነው፤ ይህንንም መሸፋፈን አይገባንም። የደራሲና የአርቲስት ባለቤትነት በአገራችን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ተደንግጎ ነበር፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ በሰፊው ታወጀ። አዋጁ አንድ ሰው ለራሱ የግል ጥቅም አንድ ቅጂ ቢያደርግ አይከለክልም፤ ለንግድ ማባዛት ግን ከግል ጥቅም ጋር አይቈጠርም።

በ2011 ዓ.ም. «አውታር» የተባለው የስልክ ፕሮግራም በኤልያስ መልካና በሥራ ጓደኞቹ ሲጀመር ዓላማው ይህንኑ በደል ማረም ነበር፤ ይኸውም ሰሚው በስልኩ ሒሳብ ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ ዘፈኑን እንዲያገኝና ገንዘቡም ለባለ ሥራው እንዲደርስ ነው። ከእርሱም በኋላ «ሰዋስው» የተባለው ተከተለ። እንግዲህ ስትሪሚንግን በጅምላ ብንነቅፍ ፍርድ ማጣመም ይሆንብናል። አዲስ ዘፈን ለማግኘትና ለዘፋኙ ለመክፈል ከሚሞሪ ጫኙ ሱቅ የተሻለ መንገድ ነው። የእኛ አሳብ፥ ከፍሎ መስማትና ለዘለቄታው ማስቀመጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፥ አንዱ ሌላውን አይተካም የሚል ነው።

የዘፈን ማደራጃ ፕሮግራሞች ጣጣ

አሁን ዘፈኑን በእጁ ለመያዝ የቈረጠ ሰው ወደሚገጥመው ችግር እንለፍ። እኛ በየፍላሹና በየሚሞሪው የነበረውን ዘፈን ሰብስበን በአንድ የማደራጃ ፕሮግራም ስንከፍተው ያየነው ነገር፥ ገበያ ሲበተን የሚታየውን ዓይነት ግርግር ነበር። ምክንያቱን መርምረን የደረስንበት እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፥ ፕሮግራሙ የሚያነበው የፋይሉን ስም ሳይሆን በፋይሉ ውስጥ የተደበቀውን መግለጫ ነው። ይህ መግለጫ አይዲስሪ ይባላል፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የተፈጠረ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት በጠቅላላው 128 ባይት ሲሆን፥ ለዘፈኑ ርእስ 30፥ ለዘፋኙ ስም 30፥ ለአልበሙ 30፥ ለዓመቱ 4፥ ለማስታወሻ 30 ባይት ይሰጣል፤ የቀረው ለዘፈኑ ዓይነትና ለመለያ ምልክት ነው። የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሠንጠረዥ የገባው ከዚያ በኋላ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ፥ አንድ የእኛ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ አንድ ሰው በዚያ በ30 ባይት ቦታ ውስጥ «ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ» ብሎ በግድ ቢያስገባ፥ ስሙ ከነክፍተቱ 35 ባይት ስለሚሆን «ነጋድራስ ተሰማ እ» ከሚለው ላይ ይቈረጣል። በኋላ የመጡት የአይዲስሪ ዓይነቶች ለማንኛውም ፊደል ቦታ አላቸው፤ ነገር ግን የድሮው ማጫወቻና ርካሹ የመኪና ቴፕ አማርኛውን ማንበብ ስለማይችል በስሙ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሣጥን ይደረድራል።

ሁለተኛ፥ የስም ሥርዓት አለ። በፈረንጆች ዘንድ የኋለኛው ስም የቤተ ሰብ ስም ስለሆነ፥ አንዳንዱ ፕሮግራምና የመረጃ ዝርዝር ሰውን በኋለኛ ስሙ ያስቀምጣል። በእኛ ዘንድ ግን የኋለኛው ስም የአባት ስም ነው። ማሕሙድ አሕመድን «አሕመድ፥ ማሕሙድ» ብሎ ማስቀመጥ፥ ልጁን ትቶ አባቱን መጥራት ነው።

ሦስተኛ፥ የአጻጻፍ ልዩነት አለ። «ሀ፥ ሐ፥ ኀ»፤ «ሰ፥ ሠ»፤ «አ፥ ዐ»፤ «ጸ፥ ፀ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ፈጽመው የተለያዩ ናቸው። አንዱ ሰው «ጥላሁን ገሠሠ»፥ ሌላው «ጥላሁን ገሰሰ» ብሎ ቢጽፍ፥ ፕሮግራሙ ሁለት ዘፋኞች አሉ ብሎ ያምናል። በእንግሊዝኛ ሥርዓት የተጻፈውና «ኢትዮፒክ» ላይ በፈረንሳይኛ ሥርዓት የታተመው ሲጨመሩበት ጥላሁን አራት ሰው ይሆናል። በጅማ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የኦሮምኛ ዘፈን አንዳንድ ጊዜ በግእዝ ፊደል፥ አንዳንድ ጊዜ በቁቤ፥ አንዳንድ ጊዜም በእንግሊዝኛ ልማድ ይጻፋል። የዓሊ ቢራ ስም በግእዝ ፊደል «ዓሊ»ም «አሊ»ም ተብሎ ይጻፋል፤ በቁቤ ሲጻፍ ደግሞ የመጨረሻው አናባቢ ይደገማል። ፕሮግራሙ እነዚህን ሁሉ በየቦታው ይበትናቸዋል።

አራተኛ፥ የሱቆች ልማድ አለ። ብዙ ሱቆችና የኢንተርኔት ገጾች በዘፋኙ ስም ቦታ ላይ የራሳቸውን ስምና ስልክ ቍጥር ይጽፋሉ። ስለዚህ ክምችቱን ከፍተን «በዚህ ውስጥ ብዙ ዘፈን ያለው ማን ነው?» ብለን ፕሮግራሙን ስንጠይቀው፥ ያወጣልን የአንድ ሞባይል ጠጋኝ ስም ነበር። ከእርሱም ቀጥሎ «ያልታወቀ ዘፋኝ» የተባለው ይመጣል። ልዩ ልዩ ዘፋኞች አንድ ላይ የዘፈኑበት ካሴት ደግሞ፥ «የአልበሙ ባለቤት» የሚለው ቦታ ባዶ ሲሆን፥ በዘፋኞቹ ቍጥር ልክ ተቈራርጦ ይታያል።

አምስተኛ፥ ዓመትና ዓይነት ለእኛ አይገጥሙም። 1961 ዓ.ም. እና 1969 እ.ኤ.አ. አንድ ዘመን ሊሆኑ ይችላሉ፤ ፕሮግራሙ ግን ስምንት ዓመት አራርቆ ያስቀምጣቸዋል። ለዘፈን ዓይነትም በመጀመሪያው መግለጫ 80 የተቈጠሩ ስሞች ተዘጋጅተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ለትዝታ፥ ለባቲ፥ ለአምባሰል፥ ለአንቺ ሆዬ ቦታ የለም፤ ለእኛ የሚቀርበው ቍጥሩ 48 የሆነው «ኤትኒክ» የሚለው ነው። ይህ ማለት የዓለም ሙዚቃ በ79 ክፍል ይቀመጥና የቀረው ሕዝብ ሁሉ በአንድ ጓዳ ይጐር እንደ ማለት ነው።

በመጨረሻም፥ ሰው ደክሞ ያደራጀው ሥራ ራሱ ያለ ዋስትና ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የዘፈኑን ዝርዝር የሚይዙት ፋይሉ የተቀመጠበትን አድራሻ በመመዝገብ ነው። ፍላሹ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካ አድራሻው ስለሚለወጥ፥ ዘፈኑ እዚያው እያለ ፕሮግራሙ «አላገኘሁትም» ይላል። ከእኛ አንዱ ለአንድ ወር ያህል ያዘጋጀው ዝርዝር በዚህ ዓይነት ባዶ ሆኖበታል። በዚህ ላይ በየማተሚያ ቤቱ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚተላለፈው የፍላሽ ቫይረስ አለ፤ በየጊዜው የሚበላሸው ሚሞሪ አለ። በእጅ መያዝ ብቻውን ባለቤትነት አይሆንም የምንለው ስለዚህ ነው።

የመልኮ ቍጥሮች

ይህን ነጥብ ለማብራራት ከጅማ ከተማ ሳንርቅ ሌላ ምሳሌ እናምጣ። የቡና ዘር እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ ደርቆ በቅዝቃዜ ለብዙ ዓመታት ሊቀመጥ አይችልም፤ የመብቀል ኀይሉን ያጣል። ስለዚህ የአገራችን የቡና ዝርያዎች የሚጠበቁት በመልኮ በሚገኘው የጅማ እርሻ ምርምር ማእከልና በጎማ ወረዳ በጮጬ ባለው ሥፍራ፥ በማሳ ላይ እንደ ተተከሉ ዛፎች ሆነው ነው። ዛፉ ሲያረጅ በሌላ መተካት አለበት።

በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ መታየቱ በተረጋገጠ ጊዜ፥ ተመራማሪዎች በየጫካው ዞረው በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን መረጡ። ዛሬ በየእርሻው የሚገኙት 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች ከዚያ ሥራ የተገኙ ናቸው። የቍጥሩ ትርጉም ቀላል ነው፤ 74 ዛፉ የተመረጠበት ዓመት 1974 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ የቀረው የዛፉ ተራ ቍጥር ነው። እነዚያ ዛፎች በሕይወት ቢኖሩም ቍጥር ባይሰጣቸው ኖሮ፥ ከጫካው መካከል የትኞቹ እንደሆኑ ማንም ለይቶ ሊያውቃቸው ባልቻለ ነበር።

ዘፈንም እንዲሁ ነው። ፋይል እንደ ቡና ዛፍ በየጊዜው ወደ አዲስ ማስቀመጫ ካልተገለበጠ ይሞታል፤ ተገልብጦም ስም ከሌለው በሕይወት እያለ የጠፋ ነው።

ሊጠፋ የተቃረበው

ታዋቂ ዘፋኞች በየአገልግሎቱ ይገኛሉ፤ ለእነርሱ አንሰጋም። የምንሰጋው በአንድ ወቅት በጥቂት ካሴት ወጥተው፥ አሳታሚም ወራሽም ሳይታወቅላቸው፥ በየቡና ከተማው ሱቅ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ለቀሩት ነው። እነዚህም የአካባቢው የኦሮምኛ ዘፈኖች፥ የከፋ፥ የየምና የዳውሮ ዘፈኖች፥ በሠርግ ላይ የተቀረጹ ጨዋታዎች ናቸው። ዘፈን ይጭኑ ከነበሩት ሱቆች አንዳንዶቹ አሁን ስልክና የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆነዋል። ሰው ወደ ስትሪሚንግ ባዘነበለ ቍጥር ሱቁ ይዘጋል፤ ሱቁ ሲዘጋ ደግሞ አገልግሎቱ የማያውቀው ዘፈን አብሮ ይዘጋል።

ካነጋገርናቸው ባለ ሱቆች አንዱ፥ በዕድሜ የገፉ አባት፥ ከካሴት በገዛ እጃቸው የገለበጡት ሁሉ የኮምፒዩተሩ ዲስክ ሲበላሽ እንደ ጠፋባቸው ነገሩን። «ካሴቶቹንስ ምን አደረጓቸው?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ከገለበጥኋቸው በኋላ ምን ያደርጉልኛል ብዬ ጣልኋቸው፥ ልጆቼ» አሉን።

በሌላ ከተማ ደግሞ «ትራክ 03» ከሚል በቀር ምንም ያልተጻፈበት፥ አንዲት ሴት በኦሮምኛ የምትዘፍነው ዘፈን አገኘን። ባለ ሱቁ ገና ሲጀምር ሰምተው የዘፋኟን ስም፥ የመጣችበትን ቀበሌና ካሴቱ የወጣበትን ዘመን ነገሩን። ያን የሚያውቁት በጆሮ ነው፤ በጽሑፍ የትም የለም። እኛም ስሟን በመግለጫው ላይ ጻፍነውና ቅጂውን ለእርሳቸው መለስንላቸው። ሥራው ከአምስት ደቂቃ በላይ አልፈጀም። ሰውዬው ከሱቃቸው ቢነሡ ኖሮ ግን በአምስት ዓመት ምርምርም ላይገኝ ይችል ነበር።

ምን ይደረግ?

በበኩላችን የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን።

1. የሚሸጥ ዘፈን ከባለ መብቱ ይገዛ፤ ለመስማት ያህል ስትሪሚንግ ይበቃል። ለዘለቄታው የምንፈልገውን ግን ያልተቈለፈ ፋይል በእጃችን እናድርግ።

2. የዘፋኙ ስም በራሱ ስም ይጀምር፥ የአባቱ ስም ይከተል፤ አይገልበጥ። አንድ አጻጻፍ ተመርጦ እርሱ ብቻ ይጻፍ፤ ምርጫው ካሴቱ ወይም ሸክላው ላይ የታተመው ቢሆን ይመረጣል። ሌላው አጻጻፍ በማስታወሻው ቦታ ይግባ። በቁቤ የታተመ በቁቤ ይቀመጥ።

3. በዓመት ቦታ አንድ አቈጣጠር ብቻ ይጻፍ፤ የትኛው እንደሆነ በማስታወሻው ይገለጽ። በዚያው ቦታ ቋንቋው፥ አገሩ፥ ቅኝቱና ዘፈኑ ከማን እንደ ተገኘ ይመዝገብ።

4. የፋይሉ ስም ራሱ የዘፋኙንና የዘፈኑን ስም ይያዝ። ፕሮግራም ይለወጣል፥ ዝርዝሩም ይጠፋል፤ በፋይሉ ላይ የተጻፈ ስም ግን ፋይሉ በሄደበት ሁሉ ይሄዳል።

5. ቅጂው ከሁለት ያላነሰ ይሁን፤ በሁለት የተለያየ ቦታም ይቀመጥ። ከካሴት የተገለበጠ ካሴቱ አይጣል።

6. እያንዳንዳችን ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንሄድ፥ በአቅራቢያችን ያለውን አንድ ባለ ሱቅ እናነጋግር፤ ስም የሌላቸውን ዘፈኖች አብረን እየሰማን ስማቸውን እንመዝግብ። ይህ የሚሰበሰበው ለጥናት እንጂ ለማባዛት ስላልሆነ የባለ መብቶቹ ጥቅም ይጠበቅ።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ገለጽነው፥ ስትሪሚንግ ዘፈንን ለሰሚው ያቀርባል እንጂ አያስረክበውም። በእጅ መያዝ ያስረክባል፤ ነገር ግን የያዙትን በስሙ ካላወቁት ርክክቡ ጎዶሎ ነው። ፕሮግራሞቹ የተሠሩት ለሌላ ሕዝብ ስምና ፊደል በመሆኑ፥ የስሙን ሥራ ከእኛ በቀር የሚሠራልን የለም። ስም አውቀው ሊነግሩን የሚችሉት ባለ ሱቆች ዛሬ ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠዋል፤ ነገ ግን አናገኛቸው ይሆናል።

መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያገኙትን ስሕተት ቢያርሙልን፥ በየአገራቸውም የሚያውቁትን ቢጨምሩልን በደስታ እንቀበላለን።